ጃቫስክሪፕት የዘጋው ቼክቦክስ ሴቭ ሲደረግ ለምን ባዶ ይሆናል? ስፕሪንግ ኤምቪሲ ላይ

ኑል ፖይንተር፦
ሰላም ወገን። አንድ ነገር ግራ አጋብቶኛል፣ እስኪ እዩልኝ።

የሠራተኛ መረጃ መመዝገቢያ ፎርም አለኝ። ስፕሪንግ ኤምቪሲ (የጃቫ የዌብ ማዕቀፍ) ነው፣ ገጹ ጄኤስፒ (ሰርቨር ላይ የሚዘጋጅ የጃቫ ገጽ)። ፎርሙ የተሠራው በስፕሪንግ የፎርም ታጎች ነው። ከላይ «ሁኔታ» የሚል ድሮፕዳውን አለ፤ «ረቂቅ» ወይም «ጸድቋል» ይመረጣል። ተጠቃሚው «ጸድቋል» ሲመርጥ ከሥር ያሉት ፊልዶች በጃቫስክሪፕት ዲሴብል ይደረጋሉ፣ ማለትም እንዳይነኩ ይዘጋሉ። ደመወዝ የሚጻፍበት ቴክስት ፊልድ አለ። «የጤና መድን አለው» የሚል ቼክቦክስ አለ። ከአንድ በላይ የሚመረጥበት የቋንቋ ዝርዝርም አለ፤ እሱም በስፕሪንግ ቼክቦክሶች የተሠራ ነው።

ችግሩ ሴቭ ሲደረግ ነው። ደመወዙ በነበረበት ይቆያል። ቼክቦክሱ ግን ምልክት የነበረበት ባዶ ሆኖ ይመለሳል። ቋንቋዎቹም ሙልጭ ብለው ይጠፋሉ። ኤረር የለም፣ ሎጉ ላይም ምንም አይታይም።

ይባስ ብሎ፣ ቀድሞ የጸደቀ መዝገብ ስከፍት ፊልዶቹ ከሰርቨር ተዘግተው ነው የሚመጡት። ያንን ሴቭ ባደርገው ምንም አይጠፋም! ያውም ያው ፎርም፣ ያው ኮንትሮለር ነው። ሁሉም ዲሴብልድ ከሆኑ አንዱ ተርፎ ሌላው ለምን ይጠፋል?

ሴሚኮለን፦
ዲሴብልድ የሆነ ፊልድ ከፎርሙ ጋር አይላክም። ይህ ባግ አይደለም፤ ኤችቲኤምኤል 4 እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣ ጀምሮ ሕጉ ይኸው ነው። ሰርቨሩ ላይ ጌትፓራሜትር ብትል ኑል ነው የምታገኘው። በዲሴብልድ ፋንታ ሪድኦንሊ (የሚነበብ ብቻ) አድርገው፣ ይላካል። አለቀ።

ኑል ፖይንተር፦
አመሰግናለሁ ሴሚኮለን፣ ግን አላለቀም። አንደኛ፣ ሪድኦንሊ ቼክቦክስ ላይ አይሠራም፤ ድሮፕዳውን ላይም እንደዚያው። ብጽፈውም ብሮውዘሩ ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ተጠቃሚው እንደልቡ ይነካካዋል። ሁለተኛ፣ ካልተላከ ደመወዙም አልተላከም። ታዲያ እሱ ለምን አልጠፋም?

የድሮ ሰርቭሌት፦
ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱን የማውቀው ይመስለኛል፣ ግን በግምት ከመሄድ የተላከውን እንይ። ዴቭቱልስ (የብሮውዘሩን የገንቢዎች መሣሪያ) ክፈት፣ ኔትወርክ ታብ ላይ ግባ፣ «ፕሪዘርቭ ሎግ» የሚለውን ምልክት አድርግ፤ አለዚያ ገጹ ሲዛወር ዝርዝሩ ይጸዳብሃል። ከዚያ ሴቭ አድርግና የፖስት ጥያቄውን ተጫን፣ ፔይሎድ የሚለውን (የተላከውን ዳታ) አሳየን። ሁለቱንም ለጥፍልን፤ በጃቫስክሪፕት የተዘጋውንም፣ ከሰርቨር ተዘግቶ የመጣውንም።

ሌላም ልጠይቅህ። ኮንትሮለርህ ላይ ሞዴል አትሪቢዩት የሚል አኖቴሽን ያለው ሜተድ አለ ወይ? መዝገቡን ቀድሞ ከዳታቤዝ የሚያመጣ?

ኑል ፖይንተር፦
አዎ አለ። በመለያ ቁጥሩ መዝገቡን ከዳታቤዝ ያመጣና ለፎርሙ ይሰጠዋል። ፔይሎዱ ይኸውና፤ የፊልዶቹን ስም ለማንበብ እንዲመች በአማርኛ አድርጌዋለሁ።

በጃቫስክሪፕት ሲዘጋ፦
መለያ = 41
ሁኔታ = ጸድቋል
_መድን = ኦን
_ቋንቋዎች = ኦን

ከሰርቨር ተዘግቶ ሲመጣ፦
መለያ = 41
ሁኔታ = ጸድቋል

እነዚህ ከፊታቸው ሰረዝ ያለባቸው ምንድን ናቸው? እኔ አልጻፍኳቸውም።

የድሮ ሰርቭሌት፦
ሌባው ተያዘ። እነሱ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቼክቦክስ ምልክት ካልተደረገበት ብሮውዘሩ ጭራሽ አይልከውም። ሰርቨሩ ደግሞ ከተላከው ውስጥ «መድን» የሚል ሲያጣ ሁለት ነገር ሊጠረጥር ይችላል፦ ተጠቃሚው ምልክቱን አንስቶታል፣ ወይም ፊልዱ ገጹ ላይ አልነበረም። ስፕሪንግ ይህን ለመለየት ብልሃት አበጀ። የፎርም ታጉ ቼክቦክስ ሲሠራ አብሮት አንድ ሂደን (የማይታይ) ፊልድ ይጽፋል፤ ስሙ ያው ነው፣ ከፊቱ የታች ሰረዝ ብቻ ተጨምሮ። ትርጉሙ «ይህ ቼክቦክስ ገጹ ላይ ነበር» ነው። ዳታ ባይንደሩ (የተላከውን ኦብጀክቱ ላይ የሚሞላው የስፕሪንግ ክፍል) «_መድን» መጥቶ «መድን» ካልመጣ፣ ተጠቃሚው አንስቶታል ብሎ ፎልስ ያደርገዋል። ከአንድ በላይ ለሚመረጥበት ዝርዝርም እንደዚሁ፤ እዚያ ላይ ባዶ ኮሌክሽን ያስገባበታል።

አሁን የአንተን ጉዳይ ተመልከት። ገጹ ከሰርቨር ሲወጣ ሁኔታው «ረቂቅ» ስለነበር ቼክቦክሱ ክፍት ነበር፤ ሂደኑም አብሮ ተጻፈ። ከዚያ ጃቫስክሪፕትህ መጥቶ ቼክቦክሱን ዘጋ። ሂደኑን ግን ማን ነካው? ማንም። ስለዚህ ቼክቦክሱ ቀርቶ ምልክቱ ብቻ ተላከ፣ ሰርቨሩም ተጠቃሚው አንስቶታል ብሎ አመነ።

ከሰርቨር ተዘግቶ ሲመጣስ? የስፕሪንግ ቼክቦክስ ታግ ዲሴብልድ ትሩ ከተባለ ሂደኑን አይጽፈውም። ለዚህ ነው ያኛው መንገድ የማይጠፋው።

ደመወዙ የተረፈው ደግሞ ቴክስት ፊልድ እንዲህ ያለ ምልክት ስለሌለው ነው። ፓራሜትሩ ካልመጣ ባይንደሩ አይነካውም፤ ከዳታቤዝ ያመጣኸው ዋጋ ባለበት ይቆያል። ያ መዝገቡን ቀድሞ የሚያመጣው ሜተድ ባይኖርህ ኖሮ ደመወዙም ኑል ሆኖ ዳታቤዝ ይገባልህ ነበር።

ሴሚኮለን፦
ይሄን አላውቅም ነበር፣ ጎበዝ። የመጨረሻዋ ግን ትሰመርበት። ብዙ ሰው አዲስ ባዶ ኦብጀክት ላይ ባይንድ ያደርግና በቀጥታ ወደ ሪፖዚተሪ ሴቭ ይልከዋል። መለያ ቁጥር ስላለው ጄፒኤ (የጃቫ ኦብጀክትን ከዳታቤዝ የሚያገናኘው) ከነበረው መዝገብ ጋር መርጅ ያደርገዋል፤ መርጅ ደግሞ ኑሉንም ጭምር ይገለብጣል። የተዘጉት ፊልዶች በሙሉ ዳታቤዙ ላይ ይሰረዛሉ። የተለወጠውን ብቻ የሚያድሰው ዳይናሚክ አፕዴት የሚለው አኖቴሽንም አያድንም፤ ሃይበርኔት (የጄፒኤን ሥራ የሚሠራው ላይብረሪ) ኑሉን እንደ ለውጥ ነው የሚቆጥረው።

ኑል ፖይንተር፦
አሁን ገባኝ! ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ታዲያ መፍትሔው ሂደኑንም በጃቫስክሪፕት መዝጋት ነው? እያንዳንዱን እየለቀምኩ?

የድሮ ሰርቭሌት፦
መልቀም አያስፈልግህም። የሚዘጉትን ፊልዶች በአንድ ፊልድሴት (ፊልዶችን በአንድ የሚያቅፍ የኤችቲኤምኤል ታግ) ውስጥ ክተታቸውና ፊልድሴቱን ዲሴብል አድርግ። በውስጡ ያለ ሁሉ አብሮ ይዘጋል፣ ሂደኖቹም ሳይቀሩ። ነገ አንድ ቼክቦክስ ብትጨምር ጃቫስክሪፕቱን መንካት የለብህም።

ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቅ። መለያ ቁጥሩን፣ የቨርዥን ፊልዱንና የሲኤስአርኤፍ ቶክኑን (ጥያቄው ከራስህ ገጽ እንደመጣ ማረጋገጫውን) ፊልድሴቱ ውስጥ እንዳታስገባቸው። ቶክኑ ካልተላከ ስፕሪንግ ሴኩሪቲ 403 ብሎ ይመልስሃል፤ ከዚያ ፎርም ትተህ ፈቃድ ስትፈልግ ትውላለህ። ሁለተኛ፣ ፊልድሴቱ ሲዘጋ የእያንዳንዱ ፊልድ የራሱ ዲሴብልድ ፕሮፐርቲ ፎልስ እንደሆነ ይቀራል። ኮድህ የሆነ ቦታ «ተዘግቷል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ በማችስ ሜተድ የዲሴብልድ ሴሌክተሩን ሰጥተህ ጠይቀው።

ሂደን ወዳድ፦
ለምን ይህን ሁሉ? እኔ የምዘጋውን ፊልድ ዋጋ በሌላ ሂደን ፊልድ አድርጌ እልከዋለሁ። አንድ መስመር ናት፣ ሁልጊዜ ትሠራለች።

ሴሚኮለን፦
ትሠራለች፣ ለሚያጭበረብርም ትሠራለች። ደመወዝን በሂደን ላክኸው ማለት ማንም ሰው ዴቭቱልስ ከፍቶ ቁጥሩን ቀይሮ ይልከዋል ማለት ነው። ሰርቨርህ ዳታቤዙ ላይ ያለውን ትቶ ከብሮውዘሩ የመጣውን ያምናል።

ሂደን ወዳድ፦
ዲሴብልዱንም እኮ በዴቭቱልስ ማንሳት ይቻላል ወንድሜ። ምን ለየው?

ሴሚኮለን፦
ልክ ብለሃል፣ እሱንም ማንሳት ይቻላል። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ሰርቨሩ ራሱ መፈተሽ አለበት። ዲሴብልድ ለተጠቃሚው ምቾት ነው እንጂ ጥበቃ አይደለም። መዝገቡ ዳታቤዙ ላይ «ጸድቋል» ከሆነ፣ በኢኒት ባይንደሩ (ባይንደሩ በሚዘጋጅበት ሜተድ) ሴትዲስአላውድ ፊልድስ ብሎ ደመወዙን፣ መድኑን፣ ቋንቋዎቹን ማገድ ነው። ጥሩነቱ ባይንደሩ መጀመሪያ ያንን ሰረዝ ያለበትን ምልክት ወደ ዋጋ ይቀይርና ነው የታገደውን የሚጥለው፤ ስለዚህ በምልክቱ በኩልም የሚሾልክ የለም። ወይም የተሻለ፣ ፎርሙን በራሱ ክላስ አድርገህ የሚፈቀደውን ብቻ በእጅህ ወደ ኤንቲቲው (ዳታቤዝ ወደሚገባው ኦብጀክት) ቅዳ።

ሁኔታውን ስታነብ ግን ከባይንዲንጉ በፊት አንብበው። ባይንድ ከተደረገ በኋላ ኦብጀክቱ ላይ ያለው ሁኔታ ከብሮውዘሩ የመጣው ነው፤ አጭበርባሪው «ረቂቅ» ብሎ ልኮት ከሆነ ፍተሻህ ከንቱ ነው።

የማታ ፈረቃ፦
ክሩን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። ኑል ፖይንተር፣ ፊልዶቹ የሚዘጉት «ጸድቋል» ሲመረጥ ነው ወይስ ከጸደቀ በኋላ?

ኑል ፖይንተር፦
ሲመረጥ። ድሮፕዳውኑ ሲቀየር ወዲያው።

የማታ ፈረቃ፦
እንግዲያው የባሰ ችግር አለህ። ይህን ሞክረው። ረቂቅ መዝገብ ክፈት፣ ደመወዙን 9000 የነበረውን 12000 አድርገው፣ ሴቭ ሳታደርግ «ጸድቋል» ምረጥ። ፊልዱ ይዘጋል፤ ስክሪኑ ላይ 12000 ይታያል። አሁን ሴቭ አድርግና ዳታቤዙን እይ።

ኑል ፖይንተር፦
9000 ነው! ኧረ ጉድ ነው ይሄ።

የማታ ፈረቃ፦
አየህ? ፊልዱ ስለተዘጋ 12000 አልተላከም። ሰርቨሩ የድሮውን ይዞ አጸደቀ። ተጠቃሚው ግን በዓይኑ 12000 እያየ ነው ሴቭ ያለው። ቼክቦክሱ ቢጠፋ አንድ ቀን ሰው ያየዋል። ይሄኛው ግን ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም፣ ያውም ከጸደቀ በኋላ ሊታረም አይችልም። እኔን ብትጠይቀኝ የዚህ ክር ዋና ነገር ይሄ ነው።

ፊልድሴቱም ይህን አይፈታልህም፤ እንዲያውም ያጠናክረዋል። የሚዘጋው መዝገቡ ከጸደቀ በኋላ መሆን አለበት እንጂ ተጠቃሚው ሐሳቡን ገና ሲገልጽ አይደለም። ድሮፕዳውኑን አውጣውና ሁለት ቁልፍ አድርግ፦ «ሴቭ» እና «ሴቭ አድርገህ አጽድቅ»። ሁለተኛው ሲጫን ሁሉም ፊልድ ክፍት ስለሆነ ሁሉም ይላካል። ሰርቨሩ ያስቀምጣል፣ ያጸድቃል፣ ከዚያ ገጹን ተዘግቶ ይመልሰዋል። ያ ደግሞ አስቀድሞም የማይጠፋብህ መንገድ ነው።

የድሮ ሰርቭሌት፦
ይህን እደግፋለሁ። ከእኔ መልስ ይሻላል። ፊልድሴቱ የሚጠቅመው ፊልዱ ለጉዳዩ ጭራሽ የማያስፈልግ ሲሆን ነው፤ ለምሳሌ «ቋሚ ሠራተኛ» ሲመረጥ የውል ማብቂያ ቀን ትርጉም የለውም፣ ይዘጋ።

እዚያም ቢሆን አስብበት። ሠራተኛው ከኮንትራት ወደ ቋሚ ከተቀየረ የድሮው የውል ቀን ዳታቤዙ ላይ ይቅር ወይስ ይጥፋ? ካልተላከ ይቀራል። መጥፋት ካለበት ሰርቨሩ ላይ በግልጽ ኑል አድርገው፤ ለብሮውዘሩ ዝምታ አትተወው።

ጄኤስኤፍ ላይ የቀረሁ፦
ይቅርታ፣ ክራችሁን ልጥለፍ። የእኔ የተገላቢጦሽ ነው። ፊልዱ ተዘግቶ ይጀምራል። ተጠቃሚው «ሌላ» የሚለውን ሲመርጥ በጃቫስክሪፕት እከፍተዋለሁ። ይጻፍበታል። ኔትወርክ ታብ ላይ ዋጋው ሲላክ አያለሁ! ቢኑ (ዋጋውን የሚይዘው የጃቫ ኦብጀክት) ላይ ግን ሴተሩ አይጠራም። ጄኤስኤፍ ነው፣ ሌላው የጃቫ የዌብ ማዕቀፍ።

የድሮ ሰርቭሌት፦
ጄኤስኤፍ የገጹን ኮምፖነንቶች በራሱ በኩል ያስታውሳል። አንተ ብሮውዘሩ ላይ ከፈትከው፤ ሰርቨሩ ዘንድ ግን አሁንም ዝግ ነው። የተላከውን ዋጋ ለማንበብ ሲደርስ፣ ማለትም አፕላይ ሪኩዌስት ቫሊዩስ የሚባለው ሁለተኛው ፌዝ (ደረጃ) ላይ፣ ኮምፖነንቱ ዲሴብልድ ከሆነ ዘሎት ያልፋል። ደግሞም ልክ ነው፤ ሴሚኮለን የሚፈራውን አጭበርባሪ የሚከለክልልህ ይሄ ነው።

ስለዚህ ጃቫስክሪፕቱን ተወው። የፊልዱን ዲሴብልድ ከቢን ጋር አያይዘው፣ ምርጫው ላይ ኤጃክስ ታግ ጨምርና ሬንደር በሚለው የፊልዱን አይዲ ስጠው። ሰርቨሩ ራሱ ከፍቶ ይልክልሃል።

ጄኤስኤፍ ላይ የቀረሁ፦
እንደዚያ አድርጌው ነበር። ይከፈታል፤ ሴቭ ሲደረግ ግን አሁንም ይጠፋል።

የድሮ ሰርቭሌት፦
ቢንህ ሪኩዌስት ስኮፕድ (ለአንድ ጥያቄ ብቻ የሚኖር) ነው፣ አይደል? እንግዲያው ሴቭ ሲደረግ አዲስ ቢን ይፈጠራል። «ሌላ» ተመርጦ እንደነበር አያስታውስም፤ አዲሱ ምርጫ ወደ ቢኑ የሚገባው አራተኛው ፌዝ ላይ ነው። ሁለተኛው ፌዝ ላይ «ዲሴብልድ ነህ ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ይላል። ቪው ስኮፕድ (ገጹ እስካለ የሚኖር) አድርገው።

ጄኤስኤፍ ላይ የቀረሁ፦
ሠራ!! እድሜ ይስጥህ።

አዲስ ገቢ፦
እኔም ልጠይቅ፣ ጀማሪ ነኝ። ጄኤስፒ ላይ በተራ ኢንፑት ታግ ዲሴብልድ እኩል ይሆናል ብዬ የቡሊያን ተለዋዋጭ ሰጠሁት። ሶርሱን ሳየው ፎልስ ይላል። ፊልዱ ግን አይከፈትም።

ሴሚኮለን፦
ለኤችቲኤምኤል ዋጋው ምንም ለውጥ አያመጣም፤ አትሪቢዩቱ መኖሩ ብቻ ይበቃል። ፎልስ ብትይውም፣ የፈለግሽውን ብትጽፊበትም ዝግ ነው። ካላስፈለገ ጭራሽ እንዳይጻፍ በኢፍ አድርጊው። የስፕሪንግ ታግ ይህን በራሱ ያደርገዋል፤ ታይምሊፍ (ሌላ የጃቫ ገጽ ማዘጋጃ) ላይም ዲሴብልድን በእሱ አትሪቢዩት ከጻፍሽው ፎልስ ሲሆን ያነሳዋል። ጃቫስክሪፕት ላይ ደግሞ ሴትአትሪቢዩት አትጠቀሚ፣ ፕሮፐርቲውን ቀይሪ። ጄይኩዌሪ (የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ) ከሆነ ፕሮፕ፤ ከ1.6 ጀምሮ አለ።

ትር ሰብሳቢ፦
የእኛ ፕሮጀክት ላይ አንድ ፊልድ ይዘጋል፣ ማን እንደሚዘጋው ግን ማንም አያውቅም። የጃቫስክሪፕት ፋይሎቹ ብዛታቸው አይጣል ነው፤ ግማሹን የጻፉት ሰዎች ለቀዋል።

የማታ ፈረቃ፦
ክሮም ላይ ፊልዱን ኤለመንትስ ውስጥ በቀኝ ተጫነው፣ «ብሬክ ኦን» ከሚለው ሥር «አትሪቢዩት ሞዲፊኬሽንስ» የሚለውን ምረጥ። አንድ ሰው ዲሴብልዱን ሲነካ ኮዱ እዚያው መስመር ላይ ይቆማል። ኮል ስታኩን ወደ ታች ውረድና ባለቤቱን ታገኘዋለህ።

የሚቆም ኮድ ከሌለና ፋየርፎክስ ላይ ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ጠርጥር። ፋየርፎክስ ገጹ ሪፍሬሽ ሲደረግ የፊልዱን የመዘጋት ሁኔታ ከበፊቱ ያስታውሳል። አውቶኮምፕሊት ኦፍ ስትለው ይተወዋል።

ኑል ፖይንተር፦
ተመለስኩ። ድሮፕዳውኑ ወጣ፣ ሁለት ቁልፍ ሆነ፣ ሰርቨሩም የጸደቀ መዝገብ ላይ ፊልዶቹን ያግዳል። 12000 ራሱ 12000 ሆኖ ገባ፣ ቼክቦክሱም ቋንቋዎቹም አሉ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሰው ሁለቴ እንዳይጫን ሰብሚት ሲደረግ ቁልፎቹን ዲሴብል አደርጋለሁ። ያንን ካስገባሁ በኋላ «ሴቭ አድርገህ አጽድቅ» ቢጫንም ሰርቨሩ የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ አላውቅም ይላል። ሪኩዌስት ማፒንጉ (ጥያቄው ለየትኛው ሜተድ እንደሚሰጥ የሚወስነው) በቁልፉ ስም ነው የሚለየው።

የማታ ፈረቃ፦
ቁልፍም ፊልድ ነው፤ ተዘግቷል፣ አልተላከም። ብሮውዘሩ የሚላከውን የሚሰበስበው የሰብሚት ኢቨንቱ ካለቀ በኋላ ነው። መዝጊያውን በሴትታይምአውት ዜሮ አዘግየው፤ ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ ይዘጋል። ክሊክ ላይ እንዳትዘጋው ግን፤ ፎርሙ ራሱ ላይላክ ይችላል።

ደግሞ ተጠቃሚው በባክ ቁልፍ ሲመለስ ቁልፎቹ እንደተዘጉ ሊያገኛቸው ይችላል። ፔጅሾው ኢቨንት ላይ መልሰህ ክፈታቸው፤ ብሮውዘሩ ገጹን ከካሽ እንዳለ ሲያወጣው ዶምኮንቴንትሎድድ አይጠራም።

ኑል ፖይንተር፦
ሁለቱም ሠሩ። ክሩን «ተፈቷል» ብዬ ምልክት አድርጌበታለሁ።